ለሥራ ትምህርት ወደ ሕንድ አገር ስለሚሄዱ ወጣት ሠራተኞች

በልደታ ማርያም ሠፈር የሚነግዱ አንዳንድ ባለሱቆች፥ ሒሳብ ያዣቸው ለትምህርት ወደ ሕንድ አገር ለመሄድ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጠይቃቸው ያመነታሉ። «ሄዶ ቢቀርስ? እስኪመለስስ መዝገቡን ማን ይይዛል?» ማለታቸው ተገቢ ጥያቄ ነው።

የሕንድ መንግሥት «አይቴክ» የተባለውን የትብብር ፕሮግራም መስከረም 5 ቀን 1957 ዓ.ም. አቋቁሞ፥ ከ160 በሚበልጡ አገሮች በሥራ ላይ ያሉትን ሰዎች ያሠለጥናል። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሌላ የግል ድርጅትና የንግድ ምክር ቤት ሠራተኞችም ማመልከት ይችላሉ፤ ዕድሜያቸው በአብዛኛው ከ25 እስከ 45 ዓመት ነው። የአውሮፕላኑን፥ የትምህርቱንና የመኖሪያውን ወጪ ሕንድ ትችላለች። ብዙዎቹ ኮርሶች በጥቂት ሳምንታት የሚያልቁ ስለሆኑ መዝገቡ ያለ ያዥ የሚከርምበት ጊዜ ረጅም አይደለም። ምስርና አትክልት የሕንዶች ዋና ገበታ በመሆኑም ጾመኛ አይቸገርም።

ቆዳ ላኪዎች በተለይ ይህን ቢያስተውሉ ይበጃቸዋል። በቀድሞዋ መድራስ፥ በዛሬዋ ቼናይ፥ በ1940 ዓ.ም. የተቋቋመው ማዕከላዊ የቆዳ ምርምር ኢንስቲትዩት፥ ቀድሞ የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ይባል ከነበረው የአገራችን ተቋም ጋር ተጣምሮ ባለሙያዎቻችንን አሠልጥኗል። ጥሬ ቆዳ ከተሠራ ጫማ ምን ያህል ያነሰ ዋጋ እንደሚያወጣ ለላኪ መንገር አያስፈልግም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው በአለፋፉ፥ በአቀላለሙና በአቈራረጡ ያለው ዕውቀት ነው።

በእኔ አስተያየት አሠሪውና ሠራተኛው አስቀድመው በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ ተመልሶ ስንት ወር እንደሚያገለግል፥ መዝገቡንም ማን እንደሚረከብ ይወሰን። ማመልከቻው የአሠሪ ማረጋገጫ ይዞ ወደ ሕንድ ኤምባሲ የሚደርስ ስለሆነ፥ ደብዳቤው ኮርሱ ከመጀመሩ ብዙ ሳምንት ቀደም ብሎ መፈረም አለበት።