የእናቶችን ድባቴ በቤተሰብ መካከል ማከም፦ የ“ቲንኪንግ ሄልዚ” መርሐ ግብር

ድባቴ፣ ማለትም ለሳምንታት የማይለቅ የመከፋትና የመድከም ስሜት፣ ነፍሰ ጡርን ወይም አራስን ሲይዝ ጉዳቱ በእናቲቱ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ከሕፃኑ ጋር ያላትን ቅርርብ ያቀዘቅዛል፣ ከባሏና ከአማቷ ጋር ያላትን ግንኙነትም ያሻክራል፤ አንዳንዴም ሕመሙን የሚያባብሰው ይኸው የሻከረ ግንኙነት ነው። በመሆኑም እናቲቱን ከቤተሰቧ ነጥሎ ማከም ብዙ ርቀት አያስኬድም።

ይህን በሚገባ ያጤነ፣ “ቲንኪንግ ሄልዚ” የተባለ ሕክምና በፓኪስታን፣ በራዋልፒንዲ ዙሪያ ባሉ ገጠሮች፣ በሥነ አእምሮ ሐኪሙ በአቲፍ ራህማንና በባልደረቦቹ ተዘጋጅቷል። የሥነ አእምሮ ባለሙያ በማይገኝባቸው በእነዚህ መንደሮች ሕክምናው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1994 በተጀመረው መንግሥታዊ የጤና መርሐ ግብር በታቀፉ፣ “ሌዲ ሄልዝ ወርከር” በሚባሉና በኢትዮጵያ ካሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር በሚቀራረቡ የአካባቢው ሴቶች ነበር፤ እነርሱም በአብዛኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቁ ሲሆኑ ለዚህ ሥራ የሠለጠኑት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው።

መሠረቱ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና (ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ) ነው። ይህም አንድ ሰው ስለ ራሱና ስለ ሌሎች የሚያስበው ነገር በስሜቱና በአድራጎቱ ላይ ተጽዕኖ እንዳለው በመገንዘብ፣ የሚጎዳውን አስተሳሰብ ለይቶ በሚጠቅም እንዲተካና የተተካውንም በተግባር እንዲለማመድ የሚረዳ ዘዴ ነው። “ምንም ባደርግ ልጄ ከመታመም አይድንም” የምትል እናት በሥዕል እየታገዘች ይህ ሐሳብ ወደ ምን እንደሚመራት እንድታይ ይደረጋል፤ ከዚያም በቀጣዩ ጉብኝት የሚታይ አነስተኛ የቤት ሥራ ይሰጣታል። ከእርግዝናው የመጨረሻ ወር አንሥቶ እስከ አሥረኛው የሕፃኑ ወር ድረስ በሚዘልቁት 16 ጉብኝቶች ስለ እናቲቱ ጤና፣ ከሕፃኑ ጋር ስላላት ቅርርብ እና በዙሪያዋ ካሉ ሰዎች ጋር ስላላት ግንኙነት ይመከራል።

የመርሐ ግብሩ ትልቁ ብልሃት አገባቡ ነው፤ የጤና ሠራተኛዋ ወደ ቤቱ የምትገባው የሕፃኑን ደኅንነት አስቀድማ ስለሆነ፣ እናቲቱ “የአእምሮ ሕመምተኛ” የሚል ስም አይለጠፍባትም፣ አማትና ባልም ለልጁ ሲባል የሥራው ተካፋዮች ይሆናሉ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 በላንሴት መጽሔት ታትሟል። ከወሊድ ስድስት ወር በኋላ ድባቴ የቀጠለባቸው ሕክምናውን ካገኙት እናቶች 23 በመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 53 በመቶ ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹም በተመሳሳይ ቁጥር የተጎበኙ ስለነበሩ ለልዩነቱ ምክንያት የሆነው መጎብኘቱ ብቻ አልነበረም። ሕክምናው በደረሰበት ቤት ሕፃናት በተቅማጥ የሚያዙት ቀንሶ፣ ሁለቱም ወላጆች ከልጃቸው ጋር የሚጫወቱበት ጊዜ ጨምሮ ተገኝቷል፤ ይህ የኋለኛው ግኝት ከመቶኛዎቹ ባልተናነሰ ሊጠቀስ ይገባዋል፣ በቤተሰብ ውስጥ የተለወጠውን ነገር ያሳያልና።

የዓለም ጤና ድርጅት የመርሐ ግብሩን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 ለሌሎች አገሮች እንዲውል አሳትሟል። ሥራው ለመንደሩ በጎ ፈቃደኛ እናቶች ሲሰጥ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የታተሙት ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ በሕንድ ጎዋ ከድባቴ የሚያገግሙት ሲበዙ፣ በፓኪስታን በስድስተኛው ወር ጉልህ ልዩነት አልታየም። ራሷን የማጥፋት ሐሳብ ያደረባት ወይም በቤቷ የምትደበደብ እናት ከዚህ ምክር ጋር የሐኪምና የሕግ ከለላ ያስፈልጋታል።