ለአክስቴ የሚሆን ላፕቶፕ

ለጡረተኛ ዘመድ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚማረከው በካርቶኑ ነው። ያልተከፈተ፣ ፕላስቲኩ ያልተላጠ፣ ዋጋውም የማያስደነግጥ ላፕቶፕ ያያል፤ ገዝቶ ይወስዳል፤ ይመረቃል። ወር ሳይሞላ ስልኩ ይጮኻል፦ «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ አንድ ነገር በነካሁት ቁጥር ለምንድን ነው እንዲህ የሚያስበው?»

የሚያስበው አብዛኛውን ጊዜ ሴለሮን የሚባለው ርካሹ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ስላለው ነው። 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ማለት ደግሞ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 «ከዚህ በታች አይሆንም» ብሎ ያስቀመጠው ወለል ነው። ማሽኑ ገና ከሱቅ ሲወጣ ጉልበቱን ጨርሷል። ማከማቻው፣ ብዙ ጊዜም ራሙ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ነገ ላሳድገው ቢሉ አያድግም።

እኔ የምከራከርለት ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ነው። ካርቶን የለውም፤ ጥግ ጥጉ ላይ ጭረት አለበት፤ መልኩም የሚያምር አይደለም። ሲያዩት «አሮጌ አመጣህልኝ?» የሚሉ ዘመዶች አሉ። ነገሩን የምነግራቸው በኋላ፣ ከለመዱት በኋላ ነው።

አክስቴ መምህርት ነበሩ፤ አሁን የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ናቸው። የሚፈልጉት የአባላቱን ስምና የወር መዋጮ በኤክሴል መያዝ፣ ቃለ ጉባኤ በአማርኛ መጻፍ፣ ቨርጂኒያ ካሉት ልጆቻቸው ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ማውራት፣ እሑድ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ መዝሙር መክፈት ነው። ፊልም አያቀናብሩም፤ ጌም አይጫወቱም። ዘመዳችሁ የመጻፍ ፍላጎት ከሌለው ግን ኮምፒውተር አትግዙለት። ስክሪኑ ሰፋ ያለ ስልክ ይበቃዋል።

ላፕቶፕ የሚሠሩት ትልልቅ ኩባንያዎች ለቤትና ለቢሮ ብለው ለይተው ይሠራሉ። ያገለገሉት በወጡባቸው ዓመታት ዴል ኢንስፓይሮንን ለቤት፣ ላቲቱድን ለቢሮ፤ ኤችፒ ፓቪሊዮንን ለቤት፣ ኤሊትቡክና ፕሮቡክን ለቢሮ፤ ሌኖቮ አይዲያፓድን ለቤት፣ ቲንክፓድን ለቢሮ። ቲንክፓድ በ1992 እ.ኤ.አ. በአይቢኤም የተጀመረ ሲሆን፣ ሌኖቮ በ2005 እ.ኤ.አ. የአይቢኤምን የግል ኮምፒውተር ክፍል ሲገዛ አብሮ የሄደ ስም ነው። የቢሮውን የሚገዛው በሺህ የሚያዝዝ መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤት ደግሞ መልክ አይገዛም፤ ሲበላሽ ቶሎ የሚጠገን ዕቃ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ከታች ያለው ክዳን በተራ ብሎን ይከፈታል፤ ማጠፊያው ወፍራም ነው፤ የብዙዎቹ ኪቦርድ ውሃ ቢፈስበት እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ነው። ሌኖቮ የቲንክፓድን የጥገና መመሪያ ከነሥዕሉ ለማንም በነጻ ይለቅቃል። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ መሥሪያ ቤቶች እነዚህን ላፕቶፖች ጥቂት ዓመት ተጠቅመው በጅምላ ያስወጧቸዋል፤ ከነጋዴ ነጋዴ ተቀባብለው፣ ብዙውም በዱባይ በኩል አልፎ፣ መርካቶና መገናኛ ይደርሳሉ። ብዙዎቹ አዲስ ሳሉ ከ1,000 ዶላር በላይ ይሸጡ የነበሩ ናቸው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያገለገለውም ዋጋው መውጣቱ አልቀረም፤ ሆኖም በዚያው ገንዘብ ከሚገኘው አዲስ ሴለሮን ጋር አንድ ሚዛን ላይ የሚቀመጥ አይደለም።

አሁን ወደ ሆዴ ቁስል ልግባ። «ኮር አይ 7 ነው!» የሚለው ነገር።

መገናኛ አካባቢ አንድ ሱቅ ገብቼ ላፕቶፕ ሳገላብጥ ሻጩ ልጅ መጣ። «ወንድሜ፣ እሱ እኮ ኮር አይ ሰቨን ነው» አለኝ። «ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» አልኩት። ተገርሞ አየኝ፤ «ሰቨን ነው እኮ አልኩህ!» ከፍቼ ሳየው 4ኛ ጀነሬሽን ነው። ልጁ እያታለለኝ አልነበረም፤ እሱም ያመነው ነገር ነው። ቴሌግራም ላይ ላፕቶፕ የሚሸጡ ቻናሎችን ተመልከቱ፤ «አይ 7» የምትለዋ በትልቁ ትጻፋለች፤ ጀነሬሽኑ ወይ ከታች ተሸጉጧል ወይ ጭራሽ የለም። ገዢውም አይጠይቅም። በዚህ ምክንያት አንድ ያረጀ አይ 7 በጣም ከሚሻለው አይ 5 የበለጠ ዋጋ ሲጠራለት ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ተከራክሬም አልተሳካልኝም።

አይ 3፣ አይ 5፣ አይ 7 የሚሉት ስሞች የሚናገሩት አንድ ዓመት በወጡ ፕሮሰሰሮች መካከል ያለውን ደረጃ ብቻ ነው። ከ4ኛ ክፍል አንደኛ የወጣ ልጅና 8ኛ ክፍል ሆኖ አምስተኛ የወጣ ልጅ አንድ ዓይነት የሒሳብ ፈተና ቢቀመጡ ማን እንደሚያልፍ መናገር አያስፈልግም። ገበያው ግን ክፍሉን ትቶ ደረጃውን ብቻ እያየ ይገዛል።

ክፍሉ የሚታወቀው ከስሙ ቀጥሎ ባለው ቁጥር ነው። «አይ 5-8250ዩ» ቢል ከአራቱ አሃዞች የመጀመሪያው 8 ነው፤ 8ኛ ጀነሬሽን። «አይ 7-4600ዩ» ከሆነ 4ኛ ነው። አሃዞቹ አምስት ከሆኑ፣ ለምሳሌ 10210 ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ውሰዱ፤ 10ኛ ነው። ሰው የሚሳሳተው «1135ጂ7» ዓይነቱ ላይ ነው፤ አሃዙ አራት ቢሆንም 11ኛ ጀነሬሽን ነው። እንኳን 1ኛ ሊሆን! መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ደግሞ ስለ ኃይል ፍጆታ ትናገራለች። «ዩ» 15 ዋት ገደማ የሚወስደው ቁጥቡ ነው፤ ለዘመድ የሚሆነው እሱ ነው። «ዋይ» ከዚያም የደከመ ነው። «ኤች» ለከባድ ሥራ ነው፤ ይሞቃል፤ ባትሪ ይበላል።

ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች አትግዙ፤ 8ኛ ላይ ሙጭጭ የምለው በሁለት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ኮር፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩት ክፍሎች ቁጥር ነው። እስከ 7ኛው ድረስ «ዩ» የሆነ ሁሉ፣ አይ 7ም ቢሆን፣ ኮሩ 2 ብቻ ነበር። ኤኤምዲ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይዘን የተባለውን ይዞ ገበያውን ሲበጠብጠው፣ ኢንቴል በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር 8ኛውን አወጣ፤ በዚያው 15 ዋት ውስጥ አይ 5ቱም አይ 7ቱም ባለ 4 ኮር ሆኑ። ስለዚህ አይ 5-8250ዩ ከአይ 7-7500ዩ ጋር ሲነጻጸር የኮሩ ቁጥር እጥፍ ነው። ሻጩ ግን ሌላ ቁጥር ያሳያችኋል፤ አይ 7ቱ ላይ «2.70 ጊጋኸርዝ» ይላል፣ አይ 5ቱ ላይ «1.60»። ይህ የመነሻ ፍጥነት ነው። ሥራ ሲመጣ ሁለቱም ከ3.4 ያላነሰ ይወጣሉ። በ1.60 ሰበብ ጥሩውን ማሽን አስቀምጦ የሄደ ሰው አጋጥሞኛል፤ ጠርቼ ልመልሰው ምንም አልቀረኝም ነበር። አይ 7-8550ዩን ደግሞ ከአይ 5-8250ዩ የሚለየው ትንሽ ፍጥነትና ትንሽ ካሽ ነው፤ የእድር መዝገብ ያንን አያውቀውም። አይ 3-8130ዩ ግን 8ኛ ቢሆንም 2 ኮር ብቻ ነው፤ እሱን እለፉት። ለእውነቱ፣ በድሮዎቹም መካከል 4 ኮር ያላቸው ነበሩ፤ ለምሳሌ አይ 7-4700ኤምኪው። 47 ዋት የሚፈልግ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ቤት ለማን ይጠቅማል?

ሁለተኛው ምክንያት ዊንዶውስ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ዝመና የተቋረጠው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በመሠረቱ ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች አይቀበልም። «ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል» መባሉ ግን ማስረጃ አይሆንም። ፍተሻውን አልፈው 6ኛም 4ኛም ላይ የሚጭኑ ልጆች አሉ፤ ይሠራል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ዝመና እሰጣለሁ ብሎ አይፈርምም። ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈውንም ስቲከር አትመኑ። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ብላችሁ ግቡና ቁጥሩን በዓይናችሁ አንብቡ። ሻጩ ቅር ይለዋል፤ ይበለው።

ከፕሮሰሰሩ ሌላ የሚታይ አለ። ራም 8 ጊጋ፣ ከዚያ በታች አትቀበሉ። ማከማቻው ኤስኤስዲ ይሁን፤ «500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ» ብለው ቢያጓጓችሁ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ይሻላል።

ባትሪ ላይ ደግሞ አንድ የምወደው ነገር አለ። ቲንክፓድ ቲ480፣ የ2018 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ከኋላ ተስቦ ይወጣል። ውስጥ ያለው 24 ዋት ሰዓት ነው። የውጪው 24፣ 48 ወይም 72 ሊሆን ይችላል፤ 72ቱ ወፍራም ስለሆነ ላፕቶፑን ከኋላ ከፍ ያደርገዋል። የውጪው ሲያልቅ፣ ላፕቶፑን ሳታጠፉ አውጥታችሁ ሌላ ትሰካላችሁ፤ ውስጠኛው ይዞት ይቆያል። መብራት ሄዶ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ያሰበውን መሐንዲስ ቡና ልጋብዘው በወደድኩ። በዓመቱ የወጣው ቲ490 ይህን አስቀርቶታል፤ ራሙንም በከፊል በይዶታል። አዲስ ሁልጊዜ መሻሻል ነው ያለው ማነው? ቲ480 ስትገዙ ግን በሁለቱም የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳዎች ቻርጅ ማድረጉን እዚያው ሞክሩ፤ ዝመና ሳይደረግላቸው የቆዩት ላይ ቀዳዳው የመሞት ችግር ነበረባቸው።

ያገለገለ ባትሪ ምን ያህል እንደቀረው ዊንዶውስ ራሱ ሪፖርት ያወጣል። «ዲዛይን ካፓሲቲ» ሲሠራ የነበረው ነው፤ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» አሁን የሚይዘው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከሆነ የባትሪውን ዋጋ ከሂሳቡ አስቀንሱ። ላፕቶፑ ሲነሣ ባዮስ ወደሚባለው የመነሻ ቅንብር ግቡ፤ የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁ አትግዙ። የቀድሞው መሥሪያ ቤት ሳይፈታ ያወጣው ነው፤ ሲያስቸግራችሁ ሻጩ ስልክ አያነሣም።

ከውጭ ሆናችሁ ለቤተሰብ የምትልኩ ወገኖች፣ ከዚያው ከምትኖሩበት አገር ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ በርካሽ ታገኛላችሁ፤ ላኩ። ከትምህርት ቤት የተጣለ ክሮምቡክ ግን አትላኩ። አንዳንዱ በትምህርት ቤቱ አካውንት እንደተቆለፈ ነው፤ ዝመናው ያለቀበት አለ፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም አብዛኛው ሥራቸው አብሮ ይደነዝዛል። ባለ ቀይ መብራት ኪቦርድ የጌም ላፕቶፕም አትላኩ። ለእናታችሁ ከባድ ነው፤ ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ ያህላል።

ማሽኑን ስታስረክቡ እንዲሁ ሰጥታችሁ አትሂዱ። ጽሑፉን 125 ወይም 150 በመቶ አጉሉት። የአማርኛ ኪቦርድ ጫኑ፤ ዊንዶውስ የራሱ አለው፣ ፓወር ግዕዝ የለመደ ካለ እሱን፣ ኪማንም በነጻ ይገኛል። ብቻ አንዱን ምረጡና አንዱን ብቻ ጫኑ፤ ሦስቱ ሲጋጩ «ሰላም» ብለው የጻፉት ሌላ ሆኖ ይወጣል፤ የሚደወለው ለእናንተ ነው። ቴሌግራሙን ከስልካቸው ጋር አገናኙት። አልጋ ላይ ጋቢ ላይ አስቀምጠው እንዳይሠሩ ንገሯቸው፤ የብዙዎቹ አየር መግቢያ ከታች ነው። አክስቴ ይህን ሰምተው ላፕቶፑን ከሶፋ ወደ ጠረጴዛ አዛወሩት፤ ዳንቴል ግን አነጠፉበት፤ አሁንም በየጊዜው እየሄድኩ ዳንቴሉን ከሥሩ እስባለሁ፣ እሳቸው ይመልሱታል።