የደንበኞች አስተያየት በብር ሲተረጐም

የንግድ ትምህርት ተማሪዎች ወደ ልዩ ልዩ መደብር እየሄዱ ደንበኞችን ይጠይቃሉ፤ መልሱንም በሠንጠረዥ አደራጅተው ለሥራ አስኪያጁ ያቀርባሉ። እርሱም አመስግኖ ይቀበልና ከመሳቢያው ይከተዋል። ይህም የሚሆነው ጥናቱ ሐሰት ስለ ሆነ ሳይሆን «ከመቶ 20 ደንበኞች ቅር ብሏቸዋል» የሚለው ቃል በየወሩ ከሚፈርምበት የሒሳብ መዝገብ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ስለሌለው ነው። እንዲህ ሲሆን የተማሪው ድካም ብቻ ሳይሆን የደንበኛውም አቤቱታ አብሮ ይቀበራል።

ስለ ምርት ጥራት በሰፊው የጻፈውና የጥራት ቁጥጥር መጽሐፉን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1951 ያሳተመው አሜሪካዊው ጆሴፍ ጁራን ይህንኑ ችግር አስተውሎ ነበር። በእርሱ አስተያየት የበላይ መሪዎች የሚነጋገሩት በገንዘብ ቋንቋ፣ የሥራው ባለሙያዎች ደግሞ በዕቃ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ በመካከል ያሉት ሰዎች ሁለቱንም ማወቅ አለባቸው። ጁራን የተናገረው ስለ ጥራት ቢሆንም ደንበኛን ለሚያጠና ሰው ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ምክር አላገኘንም።

ለምሳሌ ያህል 600 ቋሚ ደንበኞች ያሉት አንድ ዳቦ ቤት አለ እንበል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ዳቦ ስለሚያልቅ ከመቶ 20ዎቹ፣ ማለት 120 ሰዎች፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሌላ ቤት እንደሚገዙ ጥናቱ አስረዳ። እያንዳንዱ በአንድ ጊዜ የ50 ብር ዳቦ ቢገዛ በሳምንት 12,000 ብር፣ በዓመት 624,000 ብር ይሆናል። ብዙ ተማሪዎች እዚህ ላይ ደርሰው «ድርጅቱ ይህን ያህል ከሰረ» ብለው ይደመድማሉ። ነገር ግን ይህ ሽያጭ እንጂ ትርፍ አይደለም። ለዱቄት፣ ለእርሾና ለኤሌክትሪክ የሚወጣው ተቀንሶ ከእያንዳንዱ ብር 30 ሣንቲም ቢቀር የቀረው ጥቅም 187,200 ብር ብቻ ነው።

ከዚህም ላይ የመፍትሔው ዋጋ ይነሣል። ለማታ ጋጋሪ ደመወዝ በዓመት 96,000 ብር፣ ሳይሸጥ ለሚያድረው ዳቦ 30,000 ብር ቢወጣ ጠቅላላው 126,000 ብር ነው። ሁሉም ደንበኞች ከተመለሱ ባለ ዳቦ ቤቱ 61,200 ብር ያገኛል፤ ግማሾቹ ብቻ ከተመለሱ ግን 32,400 ብር ይከስራል። ወጪውን ለመሸፈን ከ120ው ሰዎች ቢያንስ 81ዱ መመለስ አለባቸው። እንግዲህ ክርክሩ «ሰው ቅር ብሎታል ወይስ አላለውም» ከሚለው ወጥቶ «81 ሰዎች በእውነት ይመለሳሉን?» ወደሚል ጥያቄ ተዛወረ። ይህን ደግሞ በመጠይቅ ሳይሆን ለአራት ሳምንት ማታ ማታ ጋግሮ በመቍጠር ማወቅ ይቻላል።

ሰው «እገዛለሁ» ማለቱና መግዛቱ አንድ አለመሆኑን የኮካ ኮላ ኩባንያ ታሪክ ያስረዳል። ኩባንያው ወደ 200,000 የሚጠጉ ሰዎችን አዲስ ጣዕም አስቀምሶ አብዛኞቹ አዲሱን ስለ መረጡ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በሚያዝያ ወር 1985 የቀድሞውን ለወጠ፤ ነገር ግን የሕዝቡ ቍጣ በዝቶ ከ79 ቀን በኋላ የቀድሞውን መልሶ ለማውጣት ተገደደ። አንድ ጕንጭ ቀምሶ መምረጥ ሌላ፣ የለመዱትን መጠጥ አጥቶ አዲሱን መግዛት ሌላ ነው።

ሌላው ስሕተት የሰውን ቍጥር መዋስ ነው። ራይክሄልድና ሳሰር የተባሉ ሁለት ጸሐፊዎች በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጽሑፍ፣ ከድርጅቱ የሚሸሹት ደንበኞች በ5 ከመቶ ቢቀነሱ ትርፉ እንደ ሥራው ዓይነት ከ25 እስከ 85 ከመቶ ሊጨምር እንደሚችል አሳይተዋል። ይህ የባንክንና የመድንን የመሰሉ ድርጅቶች ሒሳብ ነው፤ ለዳቦ ቤታችን የሚሆነው ከራሱ መዝገብ የወጣው 30 ሣንቲም ነው።

ሁሉም ግኝት በብር ይተመን አንልም። ዳቦው ሰው የሚያሳምም ከሆነ የደንበኛውን ሕመም በዋጋ አስልቶ «ማስተካከሉ አያዋጣም» ማለት ነውር ነው፤ እንዲህ ያለው ነገር ከሒሳቡ ተለይቶ በራሱ ገጽ ላይ ይጻፍ።

የቀረውን ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ በሦስት መስመር እናስፍር፤ ሁሉም ቢመለሱ ምን ያህል ትርፍ፣ ግማሾቹ ቢመለሱ ምን ያህል ኪሣራ፣ ወጪው የሚሸፈነውም በስንት ሰው እንደ ሆነ። 30 ሣንቲሙ ከየት እንደ መጣ ከሥሩ ይገለጽ፤ የሒሳብ ሹሙ «25 ነው» ቢል እዚያው በፊቱ እንደገና ይሰላል፤ ያን ጊዜም የሚፈለጉት 81 ሰዎች 97 ይሆናሉ።