ከምድጃው ጀርባ ምን ይለጠፍ?

ላሊበላ ላይ ኪችን እያደሳችሁ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ቀዩን የአካባቢያችንን ድንጋይ ግድግዳው ላይ ልትለጥፉ አስባችኋል? ያምራል፣ አንክድም። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱም የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ ከተፈጠረ ድንጋይ ነው። ችግሩ ግን ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ዘይት ይመጥጣል፤ የወጥ ፍንጣቂ አንዴ ከገባበት በጨርቅ ተጠርጎ አይወጣም። እሱን ለሳሎን ተዉትና ከምድጃው ጀርባ ለስላሳ ሴራሚክ አድርጉ። ብር ካጠረ ሙሉ ግድግዳው ግድ አይደለም፤ ከምድጃው በላይ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። ትልልቁን ምረጡ፣ ቅባት የሚጠራቀመው መጋጠሚያው ላይ ነውና። መጋጠሚያው ደግሞ ነጭ ባይሆን ይሻላል፣ በርበሬ ያቀላዋል (ደርሶብን ነው የምንነግራችሁ)።

ግድግዳው ጭቃ ከሆነስ? ሴራሚኩን ቀጥታ እንዳታስለጥፉ፣ ይረግፋል! መጀመሪያ የሽቦ መረብ ይመታበትና በሲሚንቶ ይለሰን።