ራስን ስለ ማዋረድና ስለ መክበር

ራሱን የሚያዋርድ እንደሚከብር በወንጌል መነገሩን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ይሁን እንጂ ለሹመት ሲል ጎንበስ የሚለውንም ሰው ትሑት ብለን እንዳንሳሳት፥ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ሳለ ስለዚሁ ነገር የጻፈው ለፊልጵስዩስ ምእመናን ነው። ፊልጵስዩስ በመቄዶንያ የምትገኝ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ42 ዓመት ከተደረገው ጦርነት በኋላ የሮማ ወታደሮች በጡረታ የሰፈሩባት፥ ማዕርግና የክብር ስም እጅግ የሚወደድባት ከተማ ነበረች። ለእንደዚህ ያለች ከተማ ሰዎች ጌታ የባርያን መልክ ያዘ፥ በመስቀልም ሞተ ብሎ መጻፍ ድፍረት ነበር፤ ስቅላት የባሮችና የዓመፀኞች ቅጣት ነውና።

በመልእክቱ ምዕራፍ 2 እስከ ቍጥር 8 ድረስ ራሱን የሚያዋርደው ክርስቶስ ነው፤ ከቍጥር 9 ጀምሮ ግን አድራጊው ይለወጣል፥ ከፍ ከፍ የሚያደርገው እግዚአብሔር ነው። እንግዲህ ክብሩ የሚሰጥ እንጂ በብልሃት የሚወሰድ አይደለም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 የሰርግ ተጠሪ ከታችኛው ስፍራ እንዲቀመጥ የሚመክረውን ምሳሌ ግን እንደ ብልሃት የያዙት አሉ (በየድግሱ እናያቸዋለን)። ከበሩ አጠገብ ይቀመጡና ዓይናቸውን ከጋባዡ አይነቅሉም፤ ወደ ላይ ሳይጠሩ ማዕዱ ቢነሣ አኵርፈው ይወጣሉ።