ለሴቶች ያልተለካው አምስት ተኩል ሴንቲ ሜትር

እንግሊዝ ውስጥ አንድ ወንድ 65 ዓመት በሚሞላው ዓመት ከመንግሥት የጤና አገልግሎት የጥሪ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ሆዱ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የሚፈለገው ከልብ ተነሥቶ ቁልቁል የሚወርደው ትልቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ አብጦ እንደሆነ ነው። ሆድ ላይ ሲደርስ ወርዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሦስት ከሞላ አኑሪዝም ይባላል። እብጠቱ ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ሊያድግ ይችላል፤ ከፈነዳ ግን አብዛኞቹ አይተርፉም። አልበርት አንስታይን በ1955 እ.ኤ.አ. የሞተው በዚሁ ነው።

ለሚስቱ ደብዳቤ አይመጣም።

ምክንያት አለው። በሽታው በወንዶች ላይ በብዙ እጥፍ ይበዛል። 67,800 ያህል ሰዎችን ይዞ በ2002 ውጤቱ የታወቀው የብሪታንያ ጥናት፣ ለምርመራ በተጠሩት ዘንድ በአኑሪዝም መሞት በ42 በመቶ መቀነሱን አሳየ። በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ ምርመራ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ጥናቱ ውስጥ አንዲት ሴት አልነበረችም።

ቀዶ ሕክምና የሚታሰብበት የ5.5 ሴንቲ ሜትር ወሰን ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እብጠታቸው ከ4 እስከ 5.5 ሴንቲ ሜትር በሆነ 1,090 ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ጥናት፣ ቀድሞ መቅደድ በአልትራሳውንድ ከመከታተል የበለጠ ዕድሜ እንደማይሰጥ በ1998 አስታወቀ። ከስድስቱ አምስቱ ያህል ወንዶች ነበሩ። ጥቂቶቹን ሴቶች ለይተው ያዩት ተመራማሪዎች ግን የሚያስደነግጥ ነገር አገኙ፤ ወርዱ እኩል ሆኖ ሳለ የሴቷ እብጠት የመፈንዳት ዕድሉ ሦስት እጥፍ ነበር። በ2013 የብዙ ጥናቶች መረጃ ሲደመር አራት እጥፍ ሆነ።

ማደጉ ግን በሁለቱም ጾታ ተቀራራቢ ነው። 3 ሴንቲ ሜትር የሆነው በዓመት 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ 5 የደረሰው ከ3.5 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰፋል። እብጠቱን የሚያሳድገውና የሚያፈነዳው ሁልጊዜ አንድ አይደለም ማለት ነው። ሲጋራ ሁለቱንም ያፋጥናል። የደም ግፊት እድገቱን እምብዛም አይነካውም፤ መፈንዳቱን ግን ያቀርበዋል፣ ግድግዳው የሚሸከመው ጫና በግፊቱም በወርዱም ይጨምራልና። ስኳር በሽታ፣ ሌላውን የደም ሥር ሁሉ እየጎዳ፣ ይህን እብጠት ያዘገየዋል።

የሴት አኦርታ ከመነሻውም ጠባብ ነው፤ ለእሷ 5 ሴንቲ ሜትር ለወንድ 5 ሴንቲ ሜትር አይደለም። የአውሮፓ የደም ሥር ቀዶ ሐኪሞች መመሪያ ለሴቶች በ5 ላይ ቀዶ ሕክምናን ማሰብ እንደሚቻል የሚናገረው ለዚህ ነው። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ለሴቶች የበለጠ አደገኛ መሆኑ ውሳኔውን ያከብደዋል።

ሁሉም ሴት ትጠራ አልልም፤ በ2018 የወጣ ስሌት ያ ከወጪው አንጻር እንደማያዋጣ አሳይቷል። የምከራከረው ለሚያጨሱትና ላጨሱት፣ አባት ወይም ወንድም በዚህ ለሞተባቸው ነው። የ2020ው የእንግሊዝ መመሪያ እንዲህ ያሉ 70 ዓመት የሞላቸውን ሴቶች በአልትራሳውንድ ማየትን ሐኪሙ ያስብበት ይላል እንጂ ይጥራቸው አይልም። የማጨስ ታሪካቸው በየቤተሰብ ሐኪሙ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከዚያ ስማቸውን አውጥቶ መጥራት ሌላ ጥናት እስኪጠናቀቅ መጠበቅን አይጠይቅም።