እንደራሴው ዉድስዎርዝና የካናዳ የሽማግሌዎች ጡረታ ሕግ

አንድ የሕዝብ እንደራሴ ሚኒስትር ሳይሆን፤ ብዙ ድምፅ ካለው ወገንም ሳይሰለፍ፤ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ገንዘብ የሚያስወጣ ሕግ እንዲወጣ ለማድረግ ይችላልን? ጥያቄው የሕግና የፖለቲካ ትምህርት ተማሪዎች ብቻ የሚከራከሩበት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በካናዳ አገር በ1926 የብዙ ድኾች ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እንጀራ በዚሁ ጥያቄ መልስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የዊኒፔግ ከተማ እንደራሴ የነበሩት ሚስተር ጄምስ ሻቨር ዉድስዎርዝ ስለ ጡረታ ያደረጉትን ክርክርና የተከተሉትን ዘዴ ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓመቱ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ ይኸውም ልጅ ያረጁ ወላጆቹን መግቦና አልብሶ መያዙን ያመለክታል። ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለውም ስለዚሁ ነው። ዛሬ ግን ጡረታ ሲባል ቶሎ ወደ አሳባችን የሚመጣው፤ ብዙ ዓመት አገልግሎ ከሥራው የተሰናበተ ሰው የሚቀበለው አበል ነው። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ በ1961፤ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ ደግሞ በ2011 የወጡት በዚሁ መሠረት ነው። ሚስተር ዉድስዎርዝ የተከራከሩለት ጡረታ ከዚህ የተለየ ነው። አሠሪው ማንም ይሁን ማን፤ መዋጮ ከፈለም አልከፈለም፤ ሰው አርጅቶና ደኽይቶ በመገኘቱ ብቻ መንግሥት ይጡረው የሚል ነው። እንግሊዝ አገር እንዲህ ያለውን ሕግ በ1908 አውጥታ፤ ዕድሜያቸው 70 ዓመት ለሞላ ድኾች በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ መክፈል ጀምራ ነበር። ካናዳ በዚያው ዓመት የመረጠችው መንገድ ሌላ ነው፤ ለእርጅናው ገንዘብ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው ከመንግሥት ዘንድ የዓመት አበል እንዲገዛ ፈቀደች። የሚያስቀምጠው የሌለው ሰው በምን ይግዛ? ለዚህ ሕጉ መልስ አልነበረውም።

ሚስተር ዉድስዎርዝ በ1874 የተወለዱ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። በዊኒፔግ ከልዩ ልዩ አገር በመጡ ስደተኞች መካከል ሲሠሩ የከተማን ድኽነት በቅርብ አይተዋል። የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት በመቃወማቸው በ1918 የቤተ ክርስቲያኑን አገልግሎት ትተው በቫንኩቨር ወደብ ዕቃ ጫኝና አውራጅ ሆኑ። በ1919 በዊኒፔግ ታላቁ የሥራ ማቆም አድማ በተደረገ ጊዜ በአድማው ጋዜጣ አዘጋጅነታቸው ታሰሩ፤ ሆኖም ክሱ ለፍርድ ሳይደርስ ቀረ። በ1921 መጨረሻ በተደረገው ምርጫ የዊኒፔግ ሠራተኞች እንደራሴያቸው አድርገው ወደ ኦታዋ ላኳቸው። በዚያ ፓርላማ ከእርሳቸው ጋራ የሠራተኞቹን ወገን ይዘው የተቀመጡት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። እኒህም የካልጋሪው ዊልያም ኧርቪን ሲሆኑ፤ የቡድኑ መሪ ዉድስዎርዝ ነው፤ ቡድኑ ደግሞ እኔ ነኝ ብለው መቀለዳቸው እስከ ዛሬ ይነገራል።

ቀልዱ እውነት ነበረው። እንዲህ ያለ ቡድን የጡረታ ሕግ ለማውጣት ሲነሣ ሁለት መሰናክል ይገጥመዋል። የካናዳ ፓርላማ ሁለት ምክር ቤት አለው፤ እኛ በቀድሞው የአገራችን ፓርላማ አጠራር ሕዝቡ የሚመርጠውን የሕግ መምሪያ፤ በሹመት የሚገባበትን ሴኔት ደግሞ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እያልን እንጠራቸዋለን። በ1867ቱ ሕገ መንግሥት 54ኛ አንቀጽ መሠረት የሕግ መምሪያው፤ አስቀድሞ ከጠቅላይ ገዢው በመልእክት ያልቀረበለትን የገንዘብ ወጪ ሊፈቅድ አይችልም። ጠቅላይ ገዢው ደግሞ ይህን መልእክት የሚልከው በሚኒስትሮቹ ምክር ነው። ስለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ ለማቅረብ የሚችለው መንግሥቱ ብቻ ሲሆን፤ ሌላው እንደራሴ ሊያደርግ የሚችለው መጠየቅ፤ መናገርና መንግሥቱ ነገሩን ቢያስብበት መልካም ነው የሚል አሳብ ማቅረብ ነው። ሁለተኛው መሰናክል የሥልጣን አከፋፈል ነው። የንብረትና የግል መብት ጉዳይ ለየጠቅላይ ግዛቱ የተተወ በመሆኑ፤ ጡረታ የማዕከላዊው መንግሥት ሥራ አይደለም የሚሉ የሕግ ዐዋቂዎች ብዙ ነበሩ።

የሕግ መምሪያው ልዩ ኮሚቴ በ1924 ይህን ሁለተኛውን መሰናክል የሚያልፍ መንገድ አሳየ። ዕድሜያቸው 70 ዓመት ለሞላ ድኾች በወር እስከ 20 ዶላር ይሰጥ፤ ሕጉን ተቀብሎ ሥራውን ለሚያካሂድ ጠቅላይ ግዛት ማዕከላዊው መንግሥት የወጪውን እኩሌታ ይክፈልለት አለ። መንግሥቱ ግን ምርጫው እስኪደርስ ድረስ ነገሩን ረቂቅ ሕግ አድርጎ አላቀረበውም።

በኦክቶበር 1925 የተደረገው ምርጫ ነገሩን ለወጠው። ከ245ቱ መቀመጫዎች በሚስተር አርተር ሚየን የሚመሩት ወግ አጥባቂዎች ከሁሉ የበለጠውን ቢያገኙም ከግማሽ አላለፉም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚስተር ማኬንዚ ኪንግ የገዛ መቀመጫቸውን ሳይቀር አጥተው ነበር፤ ሆኖም በአነስተኛ ወገኖች ድጋፍ ለመግዛት ቈረጡ። ኧርቪን በምርጫው ሲወድቁ፤ ከዊኒፔግ ሚስተር አብርሃም ሂፕስ የሚባሉ የሠራተኞች ሰው ስለ ተመረጡ የሠራተኞቹ ድምፅ እንደ ቀድሞው ሁለት ሆነ። ልዩነቱ ግን አሁን ሁለቱ ድምፅ መንግሥት ሊያቆም ወይም ሊጥል የሚችል መሆኑ ነው።

በጃኑዋሪ 7 ቀን 1926 ሁለቱ እንደራሴዎች አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለኪንግም ለሚየንም ጻፉ። ደብዳቤው አጭር ነው። በዚህ የፓርላማ ዘመን ሥራ ላጡ ሰዎች መርጃና ለሽማግሌዎች ጡረታ የሚሆን ሕግ ለማቅረብ ታስባላችሁን? የሚል ነበር። ለራሳቸው ሹመት አልጠየቁም፤ ለወገናቸውም ሌላ ነገር አልለመኑም። ለሁለቱም መሪዎች ያው ደብዳቤ መላኩ እንደሚመስለን የነገሩ ብልኀት ነው፤ ለአንዱ ብቻ ቢጻፍ ምልጃ ይሆን ነበር፤ ለሁለቱ ሲጻፍ ግን እንደ ጨረታ ሆነ። ሚየን ቃል የሚያስገባ መልስ አልሰጡም። ኪንግ ግን እንደራሴዎቹን ጠርተው ካነጋገሩ በኋላ፤ በጃኑዋሪ 28 ቀን የጡረታውን ሕግ በዚያው ዘመን እንደሚያቀርቡ በጽሑፍ አረጋገጡ። ሚስተር ዉድስዎርዝ ደብዳቤውን በኪሳቸው አላስቀሩትም። በሕግ መምሪያው ቆመው አነበቡትና በቃለ ጉባኤው እንዲገባ አደረጉ። በጓዳ የተሰጠ ቃል በአደባባይ የተሰጠ ቃል ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢያፈገፍጉ አገር ሁሉ ያየዋል።

ሥራ ስላጡት ሰዎች የተጠየቀው በዚህ ዓይነት አልተፈጸመም፤ የሥራ አጦች መድን ሕግ የወጣው ሕገ መንግሥቱ ከተሻሻለ በኋላ በ1940 ነው።

የጡረታው ረቂቅ ሕግ በማርች ወር ቀርቦ በሜይ መጨረሻ በሕግ መምሪያው አለፈ። በጁን 8 ቀን ግን የሕግ መወሰኛው በ45 ድምፅ በ21 ጣለው። የተሰጡት ምክንያቶች ሊመረመሩ የሚገባቸው ናቸው። ጡረታ የጠቅላይ ግዛቶች ጉዳይ ነው፤ ጠቅላይ ግዛቶቹም አልጠየቁም ተባለ። ደግሞም ሰው በእርጅናው መንግሥት እንደሚጦረው ካወቀ ቈጣቢነት ይጠፋል፤ ልጆችም ወላጆቻቸውን የመርዳት ግዴታቸውን ይተዋሉ ተባለ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ «ጧሪ» የሚለውን ቃል በምርቃቱ ውስጥ ያኖረ ሕዝብ ክብደቱን ያውቀዋል። ነገር ግን ክርክሩ ልጅ አለ፤ ልጁም ይችላል ከሚል ግምት የተነሣ ነው። በእርሻ አገር አባት መሬቱን፤ ልጅ ጉልበቱን ያዋጣሉ፤ አባትም እስከ ዕለተ ሞቱ ከማዕዱ አይርቅም። በዊኒፔግ ባቡር ሠራተኞች ሰፈር ግን ደመወዙ ለገዛ ልጆቹ የማይበቃ ሰው ከአባቱና ከልጁ አንዱን መምረጥ ይኖርበታል። ቈጣቢነት የሚባለውም ከቀለብና ከቤት ኪራይ የሚተርፍ ነገር ሲኖር ነው። በዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር እናስታውስ፤ እስከ 1965 ድረስ የካናዳ ሴናተር የሚሾመው ለዕድሜ ልኩ ነበር። ስለ ሽማግሌዎች ስንቅ የፈረዱት ሰዎች እርጅና ከደመወዛቸው የማይለያቸው ነበሩ ማለት ነው።

ረቂቁ በወደቀ በጥቂት ቀን ውስጥ የኪንግ መንግሥት ራሱ ተናጋ። የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ሹማምንት ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ጋራ መተባበራቸው ስለ ተገለጠ፤ ወግ አጥባቂዎቹ መንግሥቱን የሚወቅስ ውሳኔ ጠየቁ። በዚህ ጊዜ ሚስተር ዉድስዎርዝ ወቀሳው ቀርቶ ነገሩ በዳኛ እንዲመረመር የሚል ማሻሻያ አቀረቡ። ማሻሻያው በጥቂት ድምፅ ወደቀ። ለጡረታው ሲሉ ሌቦችን ሸሸጉ ተብለው በጊዜውም ከዚያም በኋላ ተነቅፈዋል። ነቀፋው ቀላል አይደለም፤ እኛም እንዲሁ አንተወውም። የኪንግ መንግሥት ከወደቀ የጡረታው ተስፋ አብሮ እንደሚወድቅ እንደራሴው ያውቁ ነበር፤ ይህ ባይኖር ኖሮ ማሻሻያውን ያቀርቡት ነበር ለማለት ያስቸግራል። ሆኖም ምርመራው ይቅር አላሉም፤ መርማሪው ከፓርቲ ሽኩቻ ነፃ የሆነ ዳኛ ይሁን ነው ያሉት። ሁለት ድምፅ ያለው ሰው የቆመበትን ወገን ጉድፍ በጥቂቱ መሸከሙ አይቀርለትም፤ በእኛ ፍርድ ሚስተር ዉድስዎርዝ የተሸከሙት ከሚገባው በላይ አልነበረም። ይህን የማይቀበሉ ጓደኞቻችንም አሉ።

የቀረውን በአጭሩ እንለፈው። ኪንግ ፓርላማው እንዲበተን ጠይቀው ጠቅላይ ገዢው ሎርድ ቢንግ ስላልፈቀዱላቸው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሚየን የመሠረቱት መንግሥት በጥቂት ቀን ውስጥ በአንድ ድምፅ ብልጫ ወደቀ። በሴፕቴምበር 1926 በተደረገው ምርጫ ኪንግ ተመለሱ፤ ሚየንም የገዛ መቀመጫቸውን አጡ። የሕግ መወሰኛው ጡረታን መጣሉ ከምርጫው መከራከሪያዎች አንዱ ነበርና፤ ረቂቁ እንደ ገና ሲቀርብለት ሴኔቱ አልተቃወመም። የሽማግሌዎች ጡረታ ሕግ በማርች 31 ቀን 1927 ጸደቀ።

ሕጉ ለጋስ አልነበረም። ተጧሪው 70 ዓመት የሞላው፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ተገዢ የሆነ፤ በካናዳ 20 ዓመት፤ በጠቅላይ ግዛቱም 5 ዓመት የኖረ መሆን ነበረበት። ጡረታው በዓመት 240 ዶላር ሲሆን፤ የሰውየው ገቢ ከነጡረታው ከ365 ዶላር እንዳያልፍ ተወሰነ፤ በቀን አንድ ዶላር መሆኑ ነው። ለምሳሌ ልብስ እየሰፋች በዓመት 200 ዶላር የምታገኝ አሮጊት የሚደርሳት 165 ዶላር ብቻ ነው። ከገቢዋ አንድ ዶላር ሲጨምር ከጡረታዋ አንድ ዶላር ይቀነሳል። ስለዚህ በየጊዜው የገቢ ምርመራ ይደረግ ነበር፤ ድኻነቱን በማስረጃ ማረጋገጥ ለሽማግሌ ምን ያህል ውርደት እንደሆነ መናገር አያሻም። በሕንዶች ሕግ የሚተዳደሩት የአገሩ ነባር ነገዶችም ከጡረታው በግልጥ ተከልክለው ነበር።

ከአንቀጾቹ ሁሉ የእኛን ዓይን የሳበው ግን ስለ ውርስ የሚናገረው ነው። ተጧሪው ሲሞት የተከፈለለትን ገንዘብ ከነወለዱ ከትቶት ከሄደው ንብረት ላይ ማስመለስ ይቻል ነበር። ነገር ግን ወራሹ ሟቹን በአቅሙ አዘውትሮ ሲረዳ የነበረ ሰው ከሆነ ድርሻው አይነካበትም። ሴናተሮቹ ጠፋ ብለው ያለቀሱለትን ጧሪ ልጅ ሕጉ በዚህ ዓይነት አስታውሶት ነበር።

ጠቅላይ ግዛቶቹ የገቡት አንድ በአንድ ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በዚያው በ1927፤ የዉድስዎርዝ አገር ማኒቶባ በ1928፤ ኦንታሪዮ በ1929 ሲገቡ፤ ኩቤክ የገባችው ማዕከላዊው መንግሥት ድርሻውን ከመቶ 75 ካደረሰ በኋላ፤ በ1936 ነው። አንድ ሽማግሌ ከወንዙ በዚህ ማዶ ሲጦር፤ ከወዲያ ማዶ ያለው እኩያው ሰባት ዓመት ጠበቀ ማለት ነው።

ሚስተር ዉድስዎርዝ በ1942 ሲሞቱ በመቀመጫቸው የተመረጡት የማተሚያ ቤት ሠራተኛና የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበሩት ሚስተር ስታንሊ ኖልስ ናቸው። እርሳቸውም ሚኒስትር ሆነው አያውቁም፤ ሆኖም በመካከሉ በምርጫ ተሸንፈው ከቆዩባቸው አራት ዓመታት በቀር እስከ 1984 ድረስ በዚያው ወንበር ተቀምጠው የጡረታን ጉዳይ ሳይታክቱ ያነሡ ነበር። በ1951 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ማዕከላዊው ፓርላማ ስለ ሽማግሌዎች ጡረታ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አገኘ። ከጃኑዋሪ 1952 ጀምሮም 70 ዓመት ለሞላውና በአገሩ 20 ዓመት ለኖረ ሁሉ፤ ነባር ነገዶቹም ሳይቀሩ፤ ያለ ገቢ ምርመራ በወር 40 ዶላር መከፈል ጀመረ።